አያ ፈንቴ ያሰመሩት ቅጠል

በርበሬ ሲወቀጥ ሌላውን ሰው ያስነጥሰዋል፤ እኔን ግን ጨረቃ ትዝ ትለኛለች። ልጆቼ ይስቁብኛል። “አባባ ደግሞ ጀመረው” ይላሉ። ይሳቁ። ባለፈው ሰሞን ከጎረቤት ግቢ የበርበሬው ሽታ አጥሩን አልፎ ሲመጣ ዓይኔ እንባ አቀረረ። አጠገቤ የነበረችው የልጅ ልጄ ስልኳን አስቀምጣ “በርበሬው ነው አባባ?” አለችኝ። “አዎ፣ በርበሬው ነው” አልኳት። ውሸቴን ነው። ለነገሩ ውሸት ድሮም ይቀናኛል፤ ዛሬ የምጽፈውም ስለ አንዱ ውሸቴ ነው።

ይህች ልጅ በስልኳ ላይ ስለ ከዋክብትና ስለሌሉ አገሮች የተጻፉ ቀጫጭን ልቦለዶች ታነባለች። አንዱን ስትጨርስ ማሽኑ ራሱ “ይኼን ደግሞ ሞክሪው” ይላታል አሉ። ጉድ ነው! በእኛ ጊዜ እንዲህ ያለውን መጽሐፍ የሚመርጥልን ሰው ነበር። ፈረንጅኛ አንዲት ፊደል አያውቅም፤ ምርጫው ግን አንድም ቀን አላሳፈረኝም። አያ ፈንቴ ይባሉ ነበር፣ ነፍሳቸውን ይማረውና።

ያን ጊዜ ጎንደር በእግር የምታልቅ ከተማ ነበረች። ዓመተ ምሕረቱን አትጠይቁኝ፤ ንጉሡ ነበሩ፣ ጣሊያን ወጥቶ ሕንጻው ቀርቶ ነበር፣ ይኸው ይበቃል። ፒያሳ ላይ ቢጫ የተቀቡት ቤቶች ደረጃቸው ገና አልተሸራረፈም። ከአንዱ መጠጥ ቤት የሸክላ ዘፈን ቀኑን ሙሉ ይወጣል፤ መርፌው አርጅቶ ስለነበር ዘፋኟ ክረምት ከበጋ ጉንፋን የያዛት ትመስል ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ የወለቃ ሴቶች ጀበናና ማሰሮ በገለባ ጠቅልለው ይመጣሉ፤ ከገበያው ዳር ሲደረድሩት መንገዱ ይጠባል። በስሙኒ ሰው ጠግቦ ይበላል፤ በተረፈው ጫማውን ሊስትሮ ያስጠርጋል። እኔ ከጭልጋ የመጣሁ ወጣት መምህር ነበርኩ። አንድ ካኪ ኮት ብቻ ነበረኝ፤ ከፍራሽ ሥር አስገብቼ እተኛበትና ሲነጋ የተተኮሰ መስሎ ይወጣል። ደረት ኪሴ ላይ ሁለት እስክሪብቶ እሰካለሁ፤ አንደኛው ቀለም የለውም። ምን ላድርግ፣ መምህር ነኛ!

ከሲኒማ ቤቱ ጀርባ ቁልቁል የሚወርድ ጠባብ መንገድ ነበር። እዚያ አንድ ልብስ ሰፊ የስፌት መኪናውን ከሚያንቀጫቅጭበት በረንዳ አጠገብ፣ አያ ፈንቴ በሳሙና ሣጥን ላይ ይቀመጡ ነበር። ጥቁር በርኖስ ይደርባሉ፤ ጣቶቻቸው ጥቁርና ቀይ ናቸው። ቁም ጸሐፊ ነበሩ፤ ብራና ፍቀው፣ በወስፌ ወግተው፣ አስምረው፣ ዳዊት ሲጽፉ የኖሩ ሰው። የታተመ ዳዊት ከአዲስ አበባ በርካሽ መምጣት ሲጀምር ብራና የሚያጽፍ ሰው ጠፋ። እጃቸው ግን ሥራ መፍታት አልቻለም። በሣጥናቸው ላይ ቀለሙን ይበጠብጣሉ፣ መቃውን ይቀርጻሉ፤ ደብዳቤ የሚያጽፍ ገበሬ ሲመጣ “ለአንድ በሬ ክስ ይኼ ሁሉ ውበት ምን ያደርጋል?” እስኪላቸው ድረስ አስጊጠው ይጽፉለታል።

መጽሐፉ ከየት መጣ ትሉኝ ይሆናል። ከአሥመራ በአዲ አርቃይ በኩል የሚመጡ የጭነት መኪኖች ለባለሱቆች መጠቅለያ ወረቀት ያመጡ ነበር፤ ፈረንጅ አንብቦ የጣለውን ሁሉ በእስር በእስር አድርገው። ጋዜጣ አለው፣ የመድኃኒት ዝርዝር አለው፣ በመካከሉ መጽሐፍ አለው። ባለሱቅ ወፍራሙን መጽሐፍ ይወዳል፤ ቅጠሉ ብዙ ነው፣ ስንት ስኳር ይጠቀልልበታል። ቀጭኑን ግን ለመቅደድም አይደክምበትም፣ የበርበሬ ጆንያው ላይ ይወረውረዋል። አያ ፈንቴ መጀመሪያ የሄዱት ለመጽሐፍ ገበታ፣ ለሽፋኑ ማለቴ ነው፣ የሚሆን ካርቶን ፍለጋ ነበር። ቀጫጭኖቹን አዩና አዘኑላቸው። የሰው እጅ የደከመበት ጽሑፍ በርበሬ መሐል ወድቆ ማየት አልሆነላቸውም፤ አንድ እቅፍ ተሸክመው መጡ። እንግዲህ ወደ ጨረቃ የሚሄደው፣ ባሕር ሥር የሚኖረው፣ ከሌለ አገር የሚመለሰው ሰው ሁሉ ለእኔ የደረሰኝ ከበርበሬ ጆንያ ላይ ተነሥቶ ነው። መጀመሪያ ታስነጥሳለህ፤ ከዚያ ታነባለህ።

አብዛኞቹ ቀጫጭኖች የዚህ ዓይነት ተአምር የሚያወሩ ነበሩ። ለምን እንደሆነ እንጃ፤ ምናልባት ወታደርና መርከበኛ በኪሱ የሚይዛቸው ይሆናሉ። መቶ ገጽ ቢሆኑ ነው። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ጀምረህ ፀሐይ ሳትጠልቅ ትጨርሳለህ። ልክ እሱ ነበር ደስ የሚለኝ። ወፍራም መጽሐፍ ጀምሬ ስንት ጊዜ መካከሉ ላይ አኩርፌ ትቼዋለሁ፤ አጭር ተረት ደግሞ ገና ስትሞቅ ያባርርሃል። ይኼ ግን አንድ ሙሉ ዓለም ውስጥ አስገብቶ፣ አዙሮ አሳይቶ፣ ለራት ቤትህ ይመልስሃል።

ኪራዩ ገንዘብ አልነበረም። መጽሐፉን ስትመልስ ታሪኩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ለአያ ፈንቴ መንገር አለብህ። ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰማሉ። ከዚያ መቃቸውን ነክረው በመጽሐፉ መጨረሻ ባለው ባዶ ቅጠል ላይ፣ በዚያ በዳዊት እጅ ጽሕፈታቸው፣ ፍሬ ነገሩን በአማርኛ ያሰፍሩታል። ባዶ ቅጠል ከሌለ ጨምረው ይሰፉበታል። ቀጥሎ የሚመጣው አንባቢ ያንን አይቶ ይመርጣል። አንባቢው ያው እኛ ነን፤ አምስት ስድስት መምህራንና የጤና ትምህርት የሚማሩት ወጣቶች።

“ያበቃል?” አሉኝ መጀመሪያ ቀን።

“ምኑ፣ አያ?”

“ታሪኩ ነዋ። ጀምሮ የሚተው አለ፤ እንዲያ ያለውን አልወድም።”

“ያበቃል።”

“እንግዲያ ተቀመጥ።”

በብረት መርከብ ወደ ጨረቃ ስለሄዱ ሰዎች ነገርኳቸው። ሰው ገና እዚያ አልወጣም ነበር ያን ጊዜ። ስጨርስ ዓይናቸውን ገለጡና “ይህ ሆኗል ወይስ ይሆናል?” አሉኝ።

“አልሆነም አያ። ቢሆን ብለው ነው የጻፉት።”

“አይ፣ ሸጋ ሰዎች ናቸው” አሉ ጥቂት አስበው፤ “ላልሆነ ነገር ይኼን ያህል መጨነቅ!”

ያን ቀን የሠሩትን ስሕተት ባስታወስኩ ቁጥር እስቃለሁ። የመርከቡን አለቃ ስም በቀይ ቀለም ጻፉት። በቀይ የሚጻፈው የአምላክ፣ የእመቤታችንና የቅዱሳን ስም ነው፤ ሰውየው ወደ ሰማይ ወጣ ሲባል እጃቸው በልማድ ወደ ቀዩ ብልቃጥ ሄደ። አንድ ደብተራ ጎረቤታቸው አይቶት “አያ ፈንቴ፣ ይኼኛው ደግሞ በዓሉ መቼ ይውላል?” ብሎ መንገደኛውን ሁሉ አሳቀባቸው። ከዚያ ወዲያ ቀዩን ለርእስ ብቻ አደረጉት። ቢሆንም ታሪኩን እንደ ተራ ወሬ ሰምተውት አያውቁም። በየዓመቱ አንድ እርምጃ ስለሚራመድ ተራራና በጀርባው ስለሚኖሩ ሰዎች የነገርኳቸው ጊዜ፣ “ታዲያ ግብሩን ለየትኛው አገረ ገዥ ነው የሚከፍሉት?” ብለው አስጨነቁኝ። ደራሲው አላሰበበትም። እኔም እስከ ዛሬ መልሱን አላገኘሁትም።

ከሣጥናቸው ክዳን በውስጥ በኩል አንዲት ፎቶግራፍ ተለጥፋ ነበር፤ የመርከበኛ ቆብ ያጠለቀ ወጣት። ወንድ ልጃቸው አስረስ ነው። ከእሱ በታች የሺ የምትባል ትንሽ ሴት ልጅ ነበረቻቸው፤ ወንዱ ግን እሱ ብቻ ነው። ምጽዋ ወርዶ መርከብ ላይ ተቀጠረ፤ ይህችን ፎቶግራፍ ላከ፤ ከዚያ ጠፋ። ሰባት ዓመት። አንድ ሾፌር መርከቡ ሰጥሟል የሚል ወሬ ይዞ መጣ፤ እርግጡን የሚያውቅ ግን የለም። ባለቤታቸው እትዬ ላቀች ልጄ ሞቷል ብለው ተቀበሉ። አያ ፈንቴ አልተቀበሉም። ስለዚህ ፍትሐት አልተደረገ፣ ተዝካር አልወጣ። አባት “አለ” እያለ እናት ደረቷን ልትመታ አትችልም።

አንድ ሰኞ ከሰዓት ሽፋኑ የተገነጠለ መጽሐፍ ልመልስ ሄድኩ። አንድ ወጣት ወደ ሩቅ ኮከብ ይሄዳል፤ ለእሱ ሦስት ዓመት ብቻ ነው፣ እዚህ ምድር ላይ ግን መቶ ዓመት ያልፋል። አያ ፈንቴ እንደ ልማዳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ጀመሩ። ልጁ አባቱን ተሰናብቶ መርከቡ ላይ ሲወጣ ስነግራቸው ዓይናቸው ተገለጠ። ከዚያ በኋላ መልሰው አልጨፈኑትም፤ አፌን አፌን ያዩኛል። ልጁ ወደ ምድር ሲመለስ ጊዜ ጉልበቴን ያዙኝ።

“አባቱስ?”

መጽሐፉ ላይ ቤቱ ፈርሷል። የአባቱ መቃብር ላይ ሣር በቅሏል፤ ልጁ ድንጋዩ ላይ ይቀመጣል፣ ታሪኩ ያበቃል። እኔ ትናንት እሑድ አንብቤው ምን የመሰለ አጨራረስ ብዬ አድንቄ ነበር። አሁን የሽማግሌው እጅ ጉልበቴ ላይ ነው፣ ፎቶግራፉ ፊት ለፊቴ ነው። ምን ልበል?

“አባቱን በር ላይ ተቀምጦ አገኘው” አልኩ።

“መቶ ዓመት አልፏል አላልክም?”

“ጠበቀዋ፣ አያ።”

“ምን አለው?”

“‘ቆየህ፤ ግባ’ አለው።”

አያ ፈንቴ መቃቸውን አነሡ። ቀለም ነክረው ጻፉት።  እኔ ደግሞ ደግ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ፣ ኮቴን ቆልፌ፣ እያፏጨሁ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ምን ዓይነት ጅል ነበርኩ!

ሁለት ወር ያህል ሳይሆን አይቀርም፤ እትዬ ላቀች ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ነጠላቸውን አጣፍተዋል። ሰላምታዬን እንኳ አልጨረሱልኝም።

“ባሌን ምን ብለኸው ነው?”

“ምነው እትዬ?”

“ምነው ትለኛለህ? ዘንድሮስ እሺ ብሎኝ ነበር። ሰባት ዓመት ለምኜ፣ ቄሱን ልኬ፣ ዘመድ ልኬ፣ ለፋሲካ ማግሥት ተዝካሩን እናውጣ ብሎ ነበር። አሁን ‘ልጁ ተመልሶ አባቱን በር ላይ ያገኘዋል፣ ተጽፏል’ ይለኛል። ራሱ የጻፈውን መልሶ እያነበበ! ማታ ማታ በሩ ላይ ተቀምጦ አልነሣም ይላል።”

እስክሪብቶዬን ከደረት ኪሴ አውጥቼ መልሼ ሰካሁት።

“የኔ ልጅ” አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፤ “እኔ ልጄን አላለቀስኩትም። ገባህ? ጎረቤት ስታለቅስ ሄጄ በሰው ለቅሶ አሳብቤ ነው የማለቅሰው። የማንም ልጅ ተፈትቶ የኔ ልጅ ነፍስ ያለ ጸሎት ይቅር? እውነት መጽሐፉ እንዲያ ይላል?”

“አይልም እትዬ።”

“ሂድና እንዳለ ንገረው። በሞቴ።”

ሄድኩ። እምላለሁ፣ ልነግራቸው ነው የሄድኩት። መንገዱን ሁሉ “አያ፣ ተሳስቻለሁ” የሚለውን ደጋግሜ አጥንቻለሁ። አያ ፈንቴ ገና ሲያዩኝ ከሣጥኑ ላይ ተነሥተው ቦታ ለቀቁልኝ፤ ከዚያ በፊት ለማንም ለቀው አያውቁም። “ሸጋ መጣህ። ያን የኮከቡን ድገምልኝ” አሉኝ። ጀመርኩ። ስጨርስ እውነቱን እላለሁ እያልኩ ጀመርኩ። መጨረሻው ላይ ስደርስ ዓይናቸው እንደዚያ ቀን ሆነ። “እናቱስ?” አሉኝ፤ “ያን ጊዜ ሳልጠይቅህ።”

“እናቱም አለች” አልኩ።

እንግዲህ ፍረዱኝ። ልነቅለው የሄድኩትን ሰው ይበልጥ ተክዬው መጣሁ። እትዬ ላቀችን ላለማግኘት ከዚያ በኋላ በትምህርት ቤቱ የኋላ በር መውጣት ጀመርኩ። መጽሐፍ ማንበብም አስጠላኝ፤ የአንዱን መጽሐፍ መጨረሻ ያበላሸ ሰው ሌላ ለመጀመር ፊቱ የለውም።

ጥቂት ሳምንታት አለፉና አንድ ቀን ልብስ ሰፊው በመንገድ ጠራኝ። “የአያ ፈንቴ ልጅ ተዝካር ለቅዳሜ ሆኗል፣ ጥራልን ብለውኛል” አለኝ። ጆሮዬን አላመንኩም። ቄሱ አሸንፈዋል ብዬ አሰብኩ። ደስም አለኝ፣ አፈርኩም። ቅዳሜ ስደርስ ዳስ ተጥሏል፤ ካህናቱ ፍትሐቱን አድርሰው ተቀምጠዋል። እትዬ ላቀች ጥቁር ለብሰው ድምፃቸው እስኪዘጋ አልቅሰው ነበር፤ ፊታቸው ግን የሰባት ዓመት ሸክም ያወረደ ሰው ፊት ነው። አያ ፈንቴ ራሳቸው ጠላ ይዘው ወደ እኔ መጡ። ስንት አሳላፊ እያለ።

“ጠጣ መምህር። ‘አስረስን ነፍስ ይማር’ በል።”

“አስረስን ነፍስ ይማር” አልኩ። ቀና ብዬ ላያቸው አልቻልኩም።

ያን ክረምት ወደ አዲ አርቃይ ተዛወርኩ። ልሰናበት ስሄድ ከሣጥናቸው ሥር አንድ ቀጭን መጽሐፍ አወጡ። መጨረሻው ላይ አዲስ ቅጠል ሰፍተውበታል፤ በወስፌ ወግተው፣ ልክ ለዳዊት እንደሚያሰምሩት አድርገው አስምረውታል፤ ጽሑፍ ግን የለበትም። “ይህን አንብበህ ስትመለስ ትነግረኛለህ” አሉኝ። እጄን ይዘው ቆዩና “እንዳለ” ብለው ጨመሩበት። ነገሩን ልብ አላልኩትም። ሽማግሌ ቃል ይደጋግማል ብዬ አለፍኩት።

መጽሐፉን በጭነት መኪናው ላይ፣ ከጨው ጆንያ ጋር ተጭኜ አነበብኩት። ዳባት ላይ ጀምሬ ሊማሊሞን ስንወርድ ጨረስኩት፤ ገደሉን ላለማየትም ጠቅሞኛል። ውሃ የሌለው ዓለም ላይ የሚኖሩ ሰዎች ውሃ የሚያመጣላቸውን መርከብ ዕድሜ ልካቸውን ይጠብቃሉ። መርከቡ አይመጣም። እኔ ያን ጊዜ የታየኝ ይኼ ብቻ ነው፤ መርከቡ አይመጣም። መጽሐፉን ዘግቼ “ይህን ለእኚህ ሰው እንዴት አድርጌ እነግራለሁ?” አልኩ። እውነቱን ልናገር ብል ልቤ አይችልም፤ ልዋሽ ብል መዘዙን አንዴ አይቼዋለሁ።

ስለዚህ አልሄድኩም። ጎንደር ለደመወዝና ለስብሰባ ሁለት ሦስት ጊዜ መጥቻለሁ፤ ሁልጊዜ በላይኛው መንገድ እዞራለሁ። አንድ ጊዜ ከሩቅ በርኖሳቸውን አይቼ ተመልሻለሁ። “ለሚቀጥለው” እላለሁ፤ ወጣት ነኝ፣ የሚቀጥለው የማያልቅ ይመስለኛል። ከዚያ አንድ ሾፌር ማረፋቸውን ነገረኝ። ሰው ጨረቃ ላይ ወጣ ተብሎ በራዲዮ ሲወራ እኔ አዲ አርቃይ አንድ ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ ነበር። ሰው ሁሉ ሲጯጯህ እኔ “አያ፣ ሆነ እኮ” ብዬ የምነግረው ሰው አጥቼ ብርጭቆዬን ይዤ ቀረሁ። መጽሐፉ ግን ከእኔ አልተለየም። ስንት ቤት ቀይሬ፣ ስንት ዘመን ተገለባብጦ፣ ስንት መጽሐፍ ተቃጥሎ ተጥሎ፣ እሱ ሣጥኔ ግርጌ አለ። ባዶ ቅጠሉን ላለማየት ገልጬው አላውቅም።

አሁን ወደዚህ ሰሞን ልመለስ። የበርበሬው ነገር በሆነ በሳምንቱ አዘዞ ሚኒባስ ስጠብቅ አንዲት ጸጉሯ የነጣ ሴት ትክ ብላ አየችኝ። “መምህር ገበየሁ አይደሉም?” አለችኝ። “ነኝ፤ አንቺ ማነሽ?” “የሺ ነኝ፤ የቁም ጸሐፊው የአያ ፈንቴ ልጅ።” ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። የት ሲሸሽ የኖረ ሰው የት ተያዘ! ቤቷ ቅርብ ነበርና ይዛኝ ሄደች፤ ያን የሳሙና ሣጥን አወጣችልኝ። ቀጫጭኖቹ እንዳሉ አሉ። ስትከፍተው አስነጠስኩ።

“ይኼ የእርስዎ ነው” ብላ ሽፋኑ የተገነጠለውን ሰጠችኝ። ወደ መጨረሻው ገለጥኩ። በጥቁር ቀለም እንዲህ ይላል፦ “ልጁም ከኮከብ በተመለሰ ጊዜ አባቱን በበሩ ተቀምጦ አገኘው። ቆየህ፤ ግባ አለው። መምህር ገበየሁ እንደ ነገረኝ።” ከሥሩ ደግሞ ያላየሁት ነበረ። በቀይ ቀለም “አንድም” ይላል፤ ቀጥሎ በጥቁር፦ “በተመለሰ ጊዜ ቤቱ ፈርሶ አባቱም ሞቶ አገኘ፤ በመቃብሩ ድንጋይ ላይም ተቀመጠ።”

ጎንደር ያደገ ሰው “አንድም” ምን እንደሆነ ያውቃል። የመጻሕፍት መምህራን አንዱን ትርጉም ሰጥተው፣ “አንድም” ብለው ሁለተኛውን ያመጣሉ፤ ሁለተኛው ስለመጣ የመጀመሪያው አይጣልም፣ ጎን ለጎን ይኖራሉ። አያ ፈንቴ ውሸቴን አልፋቁትም። ብራና መፋቅ ሥራቸው የነበረ ሰው!

“ማን ነገራቸው?” አልኳት።

“እናቴ ናት። አንዲትን የጤና ተማሪ፣ ነጭ ጋውኗን እንደለበሰች፣ እጇን ይዛ አመጣቻት። ‘የፈረንጅኛውን የመጨረሻ ገጽ አንብቢለት’ አለቻት። አነበበችለት። ትንሽ ብሆንም ትዝ ይለኛል። እናቴ ‘አየህ፣ ያ መምህር ዋሽቶሃል’ አለችው። ‘አልዋሸኝም፤ አዘነልኝ’ አላት። ከዚያ ቀለሙን በጠበጠና ይችን ጻፈ። ጽፎ ሲጨርስ ‘በይ ላቀች፣ አሁን አልቅሺ’ አላት።”

“መቼ ነው ይኼ?”

“ተዝካሩ ሊወጣ ሦስት ሳምንት ሲቀረው።”

እንግዲህ በዚያ ዳስ ውስጥ ጠላውን ሲሰጡኝ ያውቁ ነበር። ቅጠሉን አስምረው “እንዳለ” ሲሉኝ ያውቁ ነበር። አልተቀየሙኝም፤ የሚጠብቁት ከእኔ አንድ እውነት ብቻ ነበር። እኔ ደግሞ እሱን ተሸክሜ በላይኛው መንገድ ስዞር ኖርኩ። የሺ ፊት እንደ ሕፃን አለቀስኩ፤ በበርበሬ አላመካኘሁም።

ቤቴ ገብቼ ከሣጥኔ ግርጌ ያንን መጽሐፍ አወጣሁ፤ መነጽሬን አድርጌ እንደገና አነበብኩት። አንድ እሑድ በቃኝ፣ እንደ ድሮው። መርከቡ አይመጣም። ነገር ግን ከዚያ በኋላ ሦስት ገጽ አለ፤ ሰዎቹ እያለቀሱ መጠበቂያቸውን ትተው ጉድጓድ ይቆፍራሉ፣ ውሃ ያገኛሉ። በወጣትነቴ እነዚያን ገጾች አንብቤያቸዋለሁ፣ ግን አላየኋቸውም። እስክሪብቶ አንሥቼ፣ እሳቸው ባሰመሩት መስመር ላይ፣ በዚህ በተበላሸ እጄ ጻፍኩ፦ “መርከቡ አልመጣም። ውሃውን ራሳቸው ቆፍረው አገኙ። እንዳለ ነው። ገበየሁ።” ከሥሩ ያለውን መስመር፣ ‘አንድም’ ለሚል ሰው፣ ባዶውን ተውኩት።

በማግሥቱ መጽሐፉን በብብቴ ይዤ ወደ አዘዞ ሄድኩና የየሺን በር አንኳኳሁ። ቆየት ብላ ከፈተች። መጀመሪያ እኔን፣ ከዚያ መጽሐፉን አየች፤ ከበሩም ፈቀቅ አለችልኝ።

“ቆዩ” አለችኝ፤ “ይግቡ።”